የኀዘን ድምፅና የወሎ ቅኝት

በፕሮግሬሲቭ ሮክ ሙዚቃ አድማጮች ዘንድ «ጨለማ» እና «ትካዜ» የሚባሉት ቃላት ከምስጋና ቃላት ይቈጠራሉ። አንድ የሙዚቃ ጓድ ድምፁ የከበደ፣ ዜማው የተከዘ፣ አካሄዱም የዘገየ ሆኖ ሲገኝ ይህን ጓድ አስቀድሞ ማግኘትና ለሌላው ማስተዋወቅ በነዚህ ሰዎች መካከል እንደ ቁም ነገር የሚታይ ልማድ ነው። ፍለጋቸው ከእንግሊዝ ተነሥቶ ስዊድንን ካዳረሰ በኋላ አዲስ አበባ ደርሷል፤ በአዲስ አበባም በኩል፣ ስሙን እንኳ ሳይጠራ፣ ወሎ ገብቷል። ግኝቱ መልካም ነው። ነገር ግን ለተገኘው ነገር የተሰጠው ስም ትክክል መሆን አለመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል፤ ስሙ ወደ አገር ቤት ተመልሶ የወጣቱን ጆሮ መቅረጽ ጀምሯልና።

ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የተነሣ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የሦስት ደቂቃውን የጭፈራ ዘፈን ትቶ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ረዥም ድርሰትን ያስለመደ፣ ከጃዝም ከአውሮፓ የጥንት ሙዚቃም የተበደረ ዐይነት ነው። ከቅርንጫፎቹ ወደ ጨለማ ላዘነበለው አባቱ ኪንግ ክሪምሰን ነው ቢባል ብዙ ተቃዋሚ አይገኝም። ይህ ጓድ በ1969 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ሜሎትሮን በተባለው መሣሪያ በሰፊው ተጠቅሟል። ሜሎትሮን እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ አስቀድሞ በቴፕ የተቀረጸ የቫዮሊን፣ የዋሽንት ወይም የመዘምራን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ጥቂትም እንደሚንቀጠቀጥ ሆኖ ስለሚሰማ የትካዜ ምልክት ሆኖ ቀረ። ያው ጓድ በ1974 «ሬድ» በሚል ስም ባወጣው ሸክላ ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አጽንቷል፤ ይኸውም ከዶ ተነሥቶ ግማሽ ድምፅ ዝቅ እስካለው ሶል ድረስ ያለውን ርቀት የዜማው ዐምድ ማድረግ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን ለዚህ ርቀት «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር። ብላክ ሳባዝ የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ጓድም በ1970 በራሱ ስም የሰየመውን ዘፈን የመሠረተው በዚሁ ርቀት ላይ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሜሎትሮኑ በስዊድን አገር ትንሣኤ አገኘ። ኤንግላጎርድ የተባለው ጓድ በ1992 «ሂብሪስ»ን፣ አኔክዶተን የተባለው በ1993 «ቬሙድ»ን አወጡ። ቬሙድ የስዊድን ቃል ነው፤ ያለፈውን ወይም የራቀውን እያሰቡ በለሆሳስ መተከዝ ማለት ስለ ሆነ በዐማርኛ «ትዝታ» ቢባል እጅግ አይርቅም። ስዊድናውያኑ ለትካዜያቸው ስም የሰጡት ከራሳቸው ቋንቋ አውጥተው መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ ዘፈን ወደነዚህ አድማጮች የደረሰው ዘግይቶ ነው። አቶ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠሩት «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታትሞ ለአውሮፓ ቀረበ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» የተባለውን ተከታታይ እትም በፓሪስ ማውጣት ጀመሩ። አራተኛው ቅጽ የአቶ ሙላቱ አስታጥቄን የ1969–1974 ሥራዎች የያዘ ሲሆን፣ ከዚሁ ሙዚቃ ከፊሉ በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ስለ ተሰማ ከጃዝ ወዳጆች ዐልፎ ለሮክ አድማጮች ተረፈ። አቶ ሙላቱ ባለ አምስት ድምፁን የአገር ዜማ ባለ ዐሥራ ሁለት ድምፅ በሆነው የምዕራብ ስምምነት ላይ አስቀምጠው በቫይብራፎንና በኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲያሰሙት፣ ኪንግ ክሪምሰንን ያሳደገ ጆሮ ወዲያው ዘመዱን ያገኘ መሰለው። ኦርጋኑ አለ፤ ሳክስፎኑ አለ፤ እርስ በርስ የተጠጉት ግማሽ ድምፆችም አሉ። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጨለማና ትካዜ ያለበት ነው፤ ምስጢሩም በቅኝቱ ውስጥ ነው» የሚል ፍርድ ተሰጠ።

ፍርዱ ሲፈተን የማይጸና መሆኑን ለማሳየት ቅኝቶቹን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። የተለመዱት ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ፤ ትዝታና ባቲ ደግሞ ከአንድ በላይ መልክ አላቸው። ትዝታ በዋናው መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዚህ ውስጥ አንድ ስንኳ ግማሽ ድምፅ የለም፤ ለአውሮፓ ጆሮ የሕፃናት መዝሙር የሚመስል ብሩህ ቅኝት ነው። አንቺ ሆዬ ግን ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ይነካካሉ፤ በዶና ዝቅ ባለው ሶል መካከልም ያ «ሰይጣን» የተባለው ርቀት ተቀምጧል። እንግዲህ ጨለማ በቅኝት የሚለካ ቢሆን ኖሮ አንቺ ሆዬ የለቅሶ፣ ትዝታ የሰርግ በሆኑ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በአንቺ ሆዬ ሙሽራ ይሞገሳል፣ ይጨፈራል፤ የናፍቆትንና የመለየትን ሸክም የሚሸከመው ግማሽ ድምፅ የሌለበት ትዝታ ነው።

በዚህም አያበቃም። ያው አንቺ ሆዬ በበገና ላይ ሲቃኝ በዐቢይ ጾም ለጸሎትና ለንስሓ ያገለግላል። አንድ ቅኝት ለሙሽራና ለተነሳሒ እኩል ከሠራ፣ ደስታውም ኀዘኑም ከቅኝቱ ውጭ ካለ ነገር የሚመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። በተጨማሪም እነዚህ የድምፅ ስሞች ለማስረዳት ያህል የተጻፉ ናቸው እንጂ የክራር ደርዳሪ አውታሩን የሚያስማማው በጆሮው ነው፤ የመሰንቆ መቺም በአንዲቱ የፈረስ ጭራ አውታር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ያሉትን ድምፆች ያሰማል። ባለ ቁልፉ መሣሪያ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የመሰንቆው ልቅሶ ሊባል የሚችል ነገር ካለም ያለው በዚያ መንሸራተት ላይ ነው።

ስለ ወሎ ሲነገር «የቅኝት አገር» ማለት ተለምዷል። ነገር ግን ከአራቱ ስሞች የቦታ ስም የሆኑት አምባሰልና ባቲ ሲሆኑ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ በስተምሥራቅ ወደ አፋር መውረጃ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ለመንገድና ለገበያ ቅርብ ናቸው። ከደሴ ወደ ምዕራብ ተጕዞ ለጋምቦን አልፎ እስከ ዐባይ ሸለቆ የሚደርሰው ደጋ፣ ይኸውም የመካነ ሰላም ከተማ ያለችበት ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲና ከላላ፣ በቅኝት ስም ውስጥ አልተጠራም። ስም አለመጠራቱ የዜማ ድህነት ምልክት ሊሆን አይችልም። አገሩ የጥንቱ ቤተ ዐምሐራ ነው፤ ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ያስፈጸሙት የአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ምድር ነበር፤ ተድባበ ማርያምም በሳይንት ናት። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀዬ የሚኖሩበት ስለ ሆነ የያሬድ ዜማና መንዙማ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ የደጋው ነዋሪ ጆሮ ሁለቱን ሳያቀላቅል ያውቃቸዋል። ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ጎጃም ነው፤ ዐባይን ተሻግሮ የሚመጣውና የሚሄደው አዝማሪ ዜማውን በየትኛው ዳር እንደ ወለደው መለየት ቀላል አይደለም። የምሥራቁ ወሎ ስም ለሙዚቃው ሁሉ ሲሰጥ ምዕራቡ የተረሳው በዚህ ምክንያት ይሆናል፤ ስም የሚያወጣው ገበያ ነውና።

በዚህ ደጋ ኀዘን እንዴት እንደሚሰማ ለመረዳት ከቅኝት ይልቅ ቃልን መከተል ይሻላል። ሙሾ አውራጇ በለቅሶ ቤት ስትቆም ዜማዋ ከንግግር ብዙም አይርቅም፤ የሚያስለቅሰው የሟቹን ሥራ፣ የቤቱን ባዶነት፣ የቀሩትን ልጆች በሁለት ስንኝ አሳጥራ መምታቷ ነው። አዝማሪም ቢሆን ኀዘንን ብቻውን አይሠራም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ላይ ያወጣዋል። የሰጪው ልብ፣ የአዝማሪው ድምፅና የተቀማጩ ማስተዋል በአንዲት ስንኝ ላይ ይገናኛሉ። ሰምና ወርቁን ያላገኘ ሰው ሲስቅ፣ ያገኘው ራሱን ይነቀንቃል። በዚያው ዜማ፣ በዚያው ቅኝት፣ በዚያው ሌሊት አንዱ እየተጫወተ ሌላው ያዝናል ማለት ነው።

የቃሉ ነገር እስከ ፊደሉ ጥብቀትና ልላት ድረስ ይወርዳል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ስለ ራቀ ወዳጅ በሚዘፈን ትዝታ ውስጥ ይህች አንዲት ጥብቀት ወሬውንና ሰውየውን ትለያለች፤ ዘፋኙ በመካከል አድርጎ ቢተዋት አድማጩ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወይዘሮ ማሪቱ ለገሰ በአምባሰል፣ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በክራራቸው የተወደዱት እንዲህ ያለውን ቃል ሳያስጨንቁ በግልጽ ስለሚያሰሙ ጭምር ነው። የወይዘሮ አስናቀች ክራር ከድምፃቸው በታች ይሄዳል እንጂ አይቀድመውም።

ከዚህ ተነሥቶ በሮክ መሣሪያ የተሠሩትን ሥራዎች መመዘን ይቻላል። በ2006 «ሞዐ አንበሳ» በሚል ስም የወጣው የሆላንዱ ጓድ የዘ ኤክስና የአቶ ጌታቸው መኩሪያ ሥራ ከሁሉ የተሳካው ነው። አቶ ጌታቸው፣ በ2016 እስካረፉ ድረስ፣ በሳክስፎናቸው ያሰሙት የነበረው ሽለላና ፉከራ ነው። ሽለላ የጦረኛ ዜማ ነው፤ በውስጡ ቍጣና ኵራት አለ። የውጭ ሐያሲ ግን ሳክስፎኑ ሲያጓራ ሰምቶ «ጨለማ» ብሎታል፤ ፎካሪው ጎፈሬውን አበጥሮ ጦሩን እየሰበቀ በአደባባይ ሲንጎራደድ ያየ ሰው ይህን ስም ከቶ አያወጣም። የዘ ኤክስ ሰዎች ትካዜ ለመፈለግ አልሞከሩም፤ ጊታራቸውን እንደ ተቀባይ ሠራዊት ከሽማግሌው ኋላ አሰልፈው ሽለላውን ለሽለላነቱ ተዉት። ሥራው የጸናውም ስለዚህ ነው።

የፈረንሳዩ ዩካንዳንዝ ከአቶ አስናቀ ገብረየስ ጋር በ2012 «ይቻላል»ን አውጥቷል። በዚህ ሥራ ላይ ጊታሩና ሳክስፎኑ ከባድ ናቸው፤ ምቱም እየተሰበረ ይሄዳል። ለፕሮግሬሲቭ ሮክ ወዳጅ ይህ የጥበብ ምልክት ነው። ለዐማርኛ ስንኝ ግን አደጋ አለው፤ ስንኝ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ የሚጠብቅ ጆሮ ምቱ ሲሰበር ቤት መምቻውን ያጣዋል። አቶ አስናቀ በረዥም ልምዳቸው ድምፃቸውን ከምቱ በላይ አንሳፈው ስለሚያሳልፉት ብዙው ቦታ ይድናል። የማይድንበት ቦታም አለ፤ እዚያ ላይ ዘፈኑ የመሣሪያ ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል ነው ስለ እርሱ ሊባል የሚገባው።

የጃኖ ባንድ ነገር ሰፋ ያለ ምርመራ ይጠይቃል፤ ይህ ጓድ የአዲስ አበባ ልጆች ጓድ ነውና። በ2012 ያወጡት «ኤርታሌ» አሜሪካዊው ቢል ላስዌል በአዘጋጅነት የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከአንድ በላይ ዘፋኝ እየተቀባበለ የሚያዜምበት፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም የገነኑበት ሥራ ነው። ጓዱ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ተብሎ ተጠርቷል። በአሠራር ቢመረመር ግን አካሄዱ አሁንም የአገሩ ዘፈን አካሄድ ነው፤ ግጥም ይመጣል፣ አዝማች ይመለሳል። ይህ እንደ ነቀፋ ሊቈጠር አይገባውም፤ አዝማችን መጠበቃቸው ከአዝማሪው ጋር የሚያገናኛቸው ክር ነው። ወንዶችና ሴቶች ተራ በተራ ስንኝ መቀባበላቸውም ከሰርግ ዘፈን አውጪና ተቀባይ ሩቅ አይደለም፤ በጓዱ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚማርከው ይህ ነው። የሚያስቸግረው የጊታሩ ሸካራ ድምፅ ከዘፋኙ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው መጀመሪያ ተነባቢው ፊደል፣ ቀጥሎም ጥብቀቱ ነው፤ «አለ»ና «አለ» አንድ ይሆናሉ። ኀዘን ከጊታሩ እንዲመጣ ተፈልጎ ኀዘን የነበረበት ቃል ተሸፈነ ማለት ነው።

መፍትሔው ጊታሩን መተው እንዳይመስል ስለ በገና ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ድምፁን እንደ ንብ እንዲያንዛርር ታደርገዋለች። የጊታር ተጫዋች ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚያሸክረው ይህን መሳይ ነገር ፈልጎ ነው። ሁለቱም የጠራውን ድምፅ ሆነ ብለው ያደፈርሳሉ። ልዩነቱ በኋላ በሚመጣው ነገር ነው። በገና ደርዳሪው መሣሪያው ሲያንዛርር ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአጠገቡ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ያዜማል፤ በአቶ ዓለሙ አጋ ቅጂዎች ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል። ንዝረቱ ቃሉን ከቦ ይጠብቀዋል፤ አይሻማውም። የሮክ ዘፋኝ ግን ጊታሩ ሲሸክር እርሱም ይጮኻል። አንድ የአዲስ አበባ ጓድ በዚህ በኩል የበገናን ሥርዐት ይዞ ሸካራውን ጊታር ከዝቅተኛ ድምፅ ጋር ቢያጋባ ስዊድናውያኑ በሜሎትሮን የፈለጉትን በራሱ ቋንቋ ሊያገኘው ይችላል።

በመስክ ጥናት በኩል ያለው ጕዳት ከዘፋኞቹ ይልቅ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ቅርብ ነው። ተማሪው መቅረጫውን ይዞ ወደ ወሎ ሲወጣ «ትካዜ» የሚለውን ቃል ይዞ ከሄደ በቅጂው መዝገብ ላይ የሰርግን ዘፈን ከኀዘን ዝርዝር ያገባዋል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ የሚሄደውን የእናት ትዝታ ደግሞ «ደስታ» ብሎ ይጽፈዋል። አሸናፊ ከበደን የመሰሉ ሊቃውንት ቅኝቶቹን በምዕራብ የሙዚቃ ጽሕፈት መመዝገባቸው ታላቅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የተመዘገበው ሚዛን እንጂ በሚዛኑ የተመዘነው እህል አይደለም። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ሰዓቱ፣ ወራቱ፣ የተዘፈነበት ጕዳይ፣ ግጥሙን የሰጠው አዝማሪው ይሁን አድማጩ፣ የትኛው ቃል እንደ ጠበቀና እንደ ላላ ሊጻፍ ይገባል። መንዙማም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የሐድራው ሌሊት እየገፋ ሲሄድ ከበሮው እንዴት እንደሚለወጥ ካልተጻፈ የተቀረጸው ቍራጭ ለማነጻጸሪያ አይሆንም።

ለዚህ ሥራ ምዕራቡ ደጋ የተመቸ ነው፤ ለባሕል ምሽትና ለሸክላ ገበያ ተብሎ የተሰናዳ ዜማ ከደሴና ከባቲ መንገድ ያነሰ ስለሚሆን። በመካነ ሰላም ዙሪያ ሰርጉ በጥር ይበዛል፤ ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈኑ ይቆማል፣ በቤተ ክርስቲያንም ከበሮው ተቀምጦ ጾመ ድጓው ይጀመራል። አንድ ተማሪ ከጥር መግቢያ እስከ ሁዳዴ አጋማሽ በዚያ ቢቀመጥ፣ በአንቺ ሆዬ ሙሽራዋ ስትወጣ ሰምቶ፣ በገና ደርዳሪ ከተገኘም፣ ያንኑ ቅኝት በዚያው ዓመት ለንስሓ ሲቃኝ ሊሰማው ይችላል። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግጥማቸው ከነጥብቀቱ ሲጻፍ፣ «ጨለማ» የተባለው ድምፅ ከየት እንደሚጀምር በየስንኙ ለመከታተል ይቻላል።